በረዶ የነካው ክትባት

ከታቢዋ ስህተቷን ያወቀችው የዕለቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን ባዶ ካርቶን ላይ ሰቅላ፣ ከሰማያዊው የክትባት ሳጥን የተረፉትን ሁለት ብልቃጦች ወደ ፍሪጅ ለመመለስ ስታወጣ፣ እንደ ልማዷ አንዱን ነቅነቅ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ደህና ክትባት ሲነቀነቅ እንደ ስስ ወተት እኩል ይደፈርሳል። ይሄኛው ግን በውስጡ ጥቃቅን ነጭ ፍርፋሪ ይዞ ነበር፤ የተበላሸ ወተት ይመስላል። መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገች። ፍርፋሪው አልሄደም።

«ወይ እኔ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሁለተኛውን አነሳች። እሱም ያው ነው።

እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት አይስ ፓኮች፣ እነዚያ ውሃ የተሞሉ ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች፣ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ተንከራተው እንኳ መሐላቸው ገና ድንጋይ ነበር።

ደንቡን ለስንቱ አስተምራዋለች። አይስ ፓክ ከፍሪጁ በረዶ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ሳጥን ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ላብ እስኪያወጣ፣ ሲነቀነቅም ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ እስኪሰማ ይጠበቃል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ያን ጠዋት ግን ግማሽ ሰዓት አልነበራትም። አብራት የምትሠራው ወጣት ነርስ ሥልጠና ሄዳ የሁለት ሰው ሥራ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። በታችኛው ሰፈር ትክትክ ገብቷል ተብሎ እናቶች ገና በማለዳ መሰብሰቢያ አዳራሹ በር ላይ ተሰልፈዋል። ፀሐይዋም ከጠዋቱ ታቃጥል ነበር።

ሙቀቱን ፈራች። ነገሩ ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራችው ሙቀትን ብቻ ነበር። ሥራ በጀመረች ሰሞን መብራት ለሁለት ቀን ጠፍቶ የመጋዘኑ ክትባት እንዳለ ተበላሽቶ ያውቃል። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ሁሉንም እንደ ተማሪ በአንድ መስመር አቁሞ ተቆጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለእሷ የክትባት ጠላት ፀሐይ ሆነች። ስለዚህ ያን ጠዋት አይስ ፓኮቹን ከበረዶ ቤት እያወጣች በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች፤ «እንዲያውም ይቀዝቅዝልኝ» ብላ አንድ ተጨማሪ ከላይ ጣለችበት። ለተኛ ልጅ ብርድ ልብስ እንደምትደርብ እናት ነበር የደረበችው።

ብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ትንሽ ምልክት አለ። አየችው፤ ንጹህ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱን እያየች፣ ለጠየቁ እናቶችም እያሳየች ነበር የወጋችው። ምልክቱ የሚያውቀው ስለ ሙቀት ነው፤ ብርድን አይናገርም። በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ጠብታ ብርድ አይጎዳውም። ትክትክንና መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው የጭን መርፌ ግን አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢሟሟም ኃይሉ አይመለስም። መርፌው ያማል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ውስጥ ገብቶ ግን የሚሠራው ሥራ የለም።

መዝገቡን ገለጠች። ሠላሳ ሰባት ልጅ። አራት ብልቃጥ አልቋል። መጀመሪያ የተከፈተው ምናልባት ገና አልቀዘቀዘ ይሆናል አለችና መዝገቡን ዘጋችው። «ምናልባት» ከትክትክ አያድንም። ጤና ጣቢያው ከመዘጋቱ በፊት ከፍሪጁ ውስጥ አንድ ደህና ብልቃጥ ወስዳ፣ ነገ የምታነጻጽርበት እንዲሆናት ሆን ብላ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ሄደች።

*

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው። ወገቡን ስለሚያመው ከወንበሩ ብዙ አይነሳም፤ ሾርባ ግን ይሠራል።

«አትበይም እንዴ? አቀዘቀዝሽው እኮ።»

«ዛሬ ያላቀዘቀዝኩት ነገር የለም» አለችና ሁሉንም ነገረችው።

ሰምቶ ሲጨርስ «ማን አየሽ?» አላት።

«እኔ።»

«ከአንቺ ሌላ ማለቴ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ ስንት ቀይ መብራት ጥሻለሁ መሰለሽ? ያላዩብኝን ሄጄ አልተናገርኩም።»

«ያንተ ቀይ መብራት ካለፍከው አለፈ። የኔ አደጋ ገና እየመጣ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ፀጉር ሠሪዋም አስወግታ ነበር?»

«አዎ። ትንሹን።»

«ወየው!» አለ፤ ሳቅና ሐዘን ተቀላቀለበት። «ስድስት ጊዜ ታጥበሽ ያመጣሻት ሴትዮ?»

እውነቱን ነው። ፀጉር ሠሪዋ ከአምስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇ ከተወጋች በኋላ ጭኗ አብጦ ሦስት ቀን በትኩሳት አቃጥሏት ነበር። አማቷ ከዚያ ወዲያ መርፌ የሚባል በዚህ ቤት አይገባም ብላ ማለች። ሁለተኛው ሲወለድ ከታቢዋ ወደ ፀጉር ቤቷ መሄድ ጀመረች። ፀጉር ቤት ውስጥ የማይታጠብ ሰው ሲቀመጥ ደስ ስለማይል ታጠበች። በሻሽ ሥር ያላትን ጥቂት ሽበት በአራት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ አሳጥባ፣ አስደርቃ፣ ሁለቴም አስቀብታ፣ በመስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊት እየተያዩ ስለ ትኩሳት፣ ስለ እብጠት፣ ስለ ትክትክ ተነጋገሩ። በስድስተኛው ፀጉር ሠሪዋ «እሺ፣ በቃ፣ ፀጉርሽንም ጨረስሽው» አለች። ያን ጠዋት ልጁን አመጣችው። ብቻዋንም አልመጣችም፤ ከእጇ ሥር የምታልፈው ሴት ሁሉ ስለምታምናት ከሠላሳ ሰባቱ እኩሌታው የመጡት በእሷ ቃል ነው።

«ፀጉርሽ እንደዚያን ሰሞን አምሮ አያውቅም» አለ ባሏ። «እሺ ባትልሽ ይሻለኝ ነበር።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቁ እንዴት እንደ ጀመረ ሳታውቅ ዕንባ ሆነባት፤ ሾርባውን ገፋ አድርጋ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። እሱም ተነስቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ሾርባውን መልሶ እሳት ላይ ጣደው።

*

በነጋታው ጠዋት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ብልቃጥ አቆመች። ሦስቱም አንድ ቀን የተመረቱ ናቸው። አንዱ ሌሊቱን በረዶ ቤት አድሮ በማለዳ የሟሟው ነው። ሁለተኛው ከሳጥኑ የተረፈው ነው። ሦስተኛው ከፍሪጅ ወጥቶ አያውቅም። ሦስቱንም በአንድ እጇ ጨብጣ ደጋግማ ናጠቻቸውና መልሳ አቆመቻቸው።

«ስንት እንጠብቃለን?» አለ ኃላፊው።

«ግማሽ ሰዓት።»

«ሲስተር፣ ስብሰባ አለኝ እኮ።»

«እኔም ትናንት እንዲሁ ነበር ያልኩት።»

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ልምምድ ሲወጣ መርፌ አያያዝ ያሳየችው እሷ ናት። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ወረቀት እየፈረመ በየመሐሉ ዓይኑ ወደ ብልቃጦቹ ይሄዳል። ውጭ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሳል ይሰማል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በረዶ ቤት ያደረው ብልቃጥ አናቱ ላይ ጠራ፤ ነጩ ነገር ቁልቁል ወርዶ ሥሩ ላይ ተኛ። ከሳጥኑ የተረፈውም ተከተለው። ሦስተኛው ብቻ እንደ ደፈረሰ ቀረ።

«አንድ ናቸው» አለ ኃላፊው፣ ሁለቱን እያሳየ።

«አንድ ናቸው።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። ሌሊት ተረኛ ሐኪም ጠፍቶ እሱው ሲሠራ አድሯል፤ ሸሚዙ የትናንቱ ነው።

«እንግዲህ ስሚኝ። ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?»

«ከአራት ሳምንት በኋላ።»

«ጥሩ። ያኔ ሁለተኛ ብለን የምንሰጠው በእውነት የመጀመሪያው ይሆናል። መጨረሻ ላይ አንድ እንጨምርላቸዋለን። ማጠናከሪያ ነው እንላለን። ልጆቹም ይከተባሉ፣ እናቶቹም አይደነግጡም።»

«በአራቱ ሳምንትስ?»

እስክሪብቶውን ከደነና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ታችኛው ሰፈር ትክትኩ ሁለት ልጅ ይዟል» አለች። «አንዷ የሁለት ወር ናት፤ ትንፋሿ እየቆመባት ትልቁ ሆስፒታል ወስደዋታል። አንድ መርፌ ብቻውን ሙሉ ጋሻ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ግን ከባዶ ይሻላል። የኛዎቹ ባዷቸውን ናቸው፤ እናቶቻቸው ደግሞ ተከትቧል ብለው በየለቅሶው በየገበያው ይዘዋቸው ይዞራሉ። ያላስከተበች እናት እኮ ቢያንስ ትፈራለች።»

«ብትነግሪያቸው ደግሞ ያቺ ፀጉር ሠሪ ሰማች ማለት ነው። እሷ ሰማች ማለት ከተማው ሰማ። እንድገም ብትዪ አንድ ሰው አይመጣልሽም። የዛሬ ዓመትም አይመጣልሽም። የሃያ ዓመት ሥራሽን በአፍሽ ልታፈርሺው ነው?»

«ያፈረስኩትማ ትናንት ጠዋት ነው፤ ዛሬ የምናገረው ብቻ ነው።»

«ሪፖርትም ማድረግ አለብኝ። ስምሽ ይጻፋል።»

«ጻፈው። አጻጻፉን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?»

ሳይፈልግ ሳቀ። ከዚያም ስብሰባው ከተጀመረ ቆይቶ እንኳ እዚያው ተቀምጦ የብልቃጡን ሥር ያይ ነበር። ሲነሳ «ድጋሚው ቅዳሜ ይሁን» አለ። «ነርሷ ዓርብ ትመለሳለች። አይስ ፓኩን ግን እኔ ራሴ ነኝ የምነቀንቀው።»

*

ወደ ፀጉር ቤቱ ስትገባ ሁለት ሴቶች ማድረቂያው ሥር ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛዋ አንገቷን ገንዳው ላይ ጥላለች። ፀጉር ሠሪዋ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነበር።

«እትዬ! ሰባተኛ ልትታጠቢ መጣሽ? አሁን እንኳ የቀረሽ ቅንድብ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከታቢዋም ልትስቅ ሞከረች፤ ፊቷ እምቢ አላት።

«ልጄ፣ ለብቻሽ ላናግርሽ።»

«እዚህ ቤት ሚስጥር የለም፤ እነዚህ የባሎቻቸውን ገመና ሁሉ ያወሩኝ ናቸው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ግን የከታቢዋን ዓይን ካየች በኋላ እጇን ታጠበችና መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓሮው ክፍል አስገባቻት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ፎጣዎች በገመድ ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው አማቷ ሕፃኑን አቅፋ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ አገጩን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ተኝቷል።

ከታቢዋ አልተቀመጠችም። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ጠፋባት።

«ትናንት ማክሰኞ የወጋሁት መርፌ አይሠራም» አለች። «በረዶ ነክቶታል። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን አይጎዳውም፤ ምናልባት የተወጋበት ትንሽ ያብጥ ይሆናል እንጂ። ግን ከትክትክ አይከላከልለትም። እንደገና መወጋት አለበት።»

ፀጉር ሠሪዋ መጀመሪያ የሰማችውን ያልተረዳች መሰለች። ከዚያ ፊቷ ቀላ።

«አይሠራም ማለት ምን ማለት ነው? ውሃ ነው የወጋሽብኝ?»

«ከውሃ አይሻልም።»

«አራት ወር ስትመላለሺ! እኔ እንኳ ለስንቱ ሰው ነገርኩ! ‹ሂዱ፣ እኔም አስወግቻለሁ፣ እጇ ቅቤ ነው› ብዬ ስንቱን ላክሁልሽ! አሁን ምን ልበላቸው?»

«ያልኩሽን በያቸው።»

«አላልኩም?» አለች አማቷ። ድምፅዋ የደስታ አልነበረም፤ የደከመ ነበር። «አላልኩም እኔ? ልጁን እንደ ጨርቅ ይወጋጉታል፣ ከዚያ ሲነጋ...»

ሳሉ አቋረጣት። ሕፃኑን በፍጥነት ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ አጎነበሰች። አንዱ ሳል ሌላውን እያስከተለ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ ሳያስገባ፣ ፊቷ እስኪጠቁር ሳለች፤ መጨረሻ ላይ ሊያስመልሳት ሲል ፎጣ አፏ ላይ ያዘች። ሕፃኑ ነቅቶ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አፈጠጠ።

ከታቢዋ ስድቡንም ንዴቱንም ረሳች።

«እማማ፣ ይሄ ሳል ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ጉንፋን ነው ልጄ። ሦስት ሳምንት... ሊለቀኝ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ተከታትሎ ነው? ሌሊት ይብሳል? ያስመልሰዎታል?»

ሴትየዋ አፏን በፎጣው ጠረገች። ፀጉር ሠሪዋ ናት የመለሰችው፤ «ሌሊት እንቅልፍ የለንም» አለች።

«እማማ፣ ሕፃኑን ለእናቱ ይስጡት።»

«ለምን?»

«ትክትክ ሊሆን ይችላል።»

«እኔ?» አማቷ ከንዴት ይልቅ ደነገጠች። «ትክትክ የልጅ በሽታ ነው እኮ! እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው!»

«ትልቅ ሰው ላይ የማይለቅ ጉንፋን ይመስላል። ሰው ሥራውን እየሠራ፣ ልጅ እያቀፈ ወር ሙሉ ይስላል። በሳሉና በትንፋሹ ነው የሚተላለፈው። ልጆቹ ጋ ሲደርስ ነው ስሙ የሚወጣው። ሕፃን ደግሞ እንደ እርስዎ ላይስል ይችላል፤ ዝም ብሎ ትንፋሹ ይቆማል።»

የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ይሰማል። አንዷ ሴት «የኔ እመቤት፣ ጆሮዬን አቃጠለኝ!» ብላ ትጮሃለች።

አማቷ ሕፃኑን አየችው። ከተወለደ ጀምሮ ከእቅፏ የሚወርደው ሊጠባ ሲል ብቻ ነው። እናቱ ሥራ ላይ ስትሆን አጥባው፣ አስተኝታው፣ የሚነክሰውን ጣቷን እንኳ አትነሳውም። ከመርፌም ስትጠብቀው ኖራለች። ቀስ ብላ በሁለት እጇ ዘረጋችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ውሰጂው» አለች ለምራቷ። «ውሰጂው እንጂ! ምን ቆመሻል?»

ፀጉር ሠሪዋ ልጇን ተቀበለች። አንገቱ ሥር ጆሮዋን ለጥፋ ትንፋሹን አዳመጠች፤ ደግማ አዳመጠች።

«እየሳለ ነው?» አለች ከታቢዋ።

«አይስልም። ትናንት ሁለቴ አስነጥሶታል። ከዚያ ውጭ...» ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

«አሁኑኑ ይዘሽው ጤና ጣቢያ ነይ። ሐኪሙ ያየዋል፤ ሽሮፕ ይሰጠዋል። እማማም ይመጣሉ፤ ትልቋም፣ አንቺም፣ አብሮ የሚያድር ሁሉ መድኃኒት ይወስዳል። እማማ መድኃኒቱን አምስት ቀን እስኪወስዱ ድረስ ሌላ ክፍል ይደሩ፤ አፋቸውን ይሸፍኑ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይ መጥባት ካቆመ ወረፋ አትጠብቂ፣ ዘለሽ ግቢ።»

ፀጉር ሠሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ሻሿን አሰረች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

«ትናንት ከወጋሽው ወዲህ ነው ያልተጠነቀቅሁት» አለች። «አማቴ ስትስል እንኳ ‹ግድ የለም ተከትቧል› ብዬ ነው የተውኳት። አንቺን አምኜ።»

ከታቢዋ አማቲቱን ክንዷን ይዛ አስነሳቻት፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ ተከትለው ወጡ።

*

ሐሙስና ዓርብ ከታቢዋ መዝገቡን ይዛ ሠላሳ አምስት በር አንኳኳች። ያችኑ ንግግር ሠላሳ አምስት ጊዜ ተናገረች፤ እየቆየ ቃሉ ከአፏ የሚወጣ የሌላ ሰው ቃል መሰላት። አንዳንዶቹ አጽናኗት፤ ይህ የባሰ አደከማት። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት መንታዎቿን በሁለት ክንዷ አቅፋ «አራት ጭን ነው ያለኝ፤ የቱን ነው የምትደግሚው?» ብላ ስቃ ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። አንድ አባት «ሲስተር፣ በልጅ ላይ መለማመድ ካሰኘሽ የራስሽን ውለጂ» ብሎ በሩን ዘጋባት። ሁሉም በር ላይ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀች፤ ቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚስል ሰው አለ ወይ? ሦስት ቤት ውስጥ ነበረ። አንዱ ቤት ሳሉ ያለበት የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ሁለቱ ቤት አያቶች ናቸው። ሦስቱንም ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው።

ማታ ባሏ እግሯን በለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስገባላት። «አርባ ዓመት ክላች የረገጠ እግር እንኳ እንዲህ አላበጠም» አላት።

«ሠላሳ ነው።»

«በትራፊክ መጨናነቅ ጊዜ እጥፍ ይታሰባል።»

*

ቅዳሜ ኃላፊው በማለዳ መጥቶ አይስ ፓኮቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረና እጁን አጣምሮ ጠበቀ። አንዱን አንስቶ ጆሮው ሥር ነቀነቀ፤ ውሃው ተንቦጫቦጨ። ለከታቢዋ አቀበላት። እሷም ነቀነቀችው። ነርሷም ነቀነቀችው። ማንም አልቀለደበትም።

አዳራሹ ሲከፈት በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። እስከ አራት ሰዓት አምስት ደረሱ። ከታቢዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የበሩን ብርሃን ታያለች፤ ኃላፊው በየመሐሉ ሰዓቱን ያያል።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀጉር ሠሪዋ መጣች። ልጁን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሴቶች ሕፃኖቻቸውን አዝለው ይከተላሉ። አማቷ አልመጣችም። ፀጉር ሠሪዋ ፊቷ ገርጥቷል፤ ሦስት ሌሊት ከልጇ ትንፋሽ ላይ ጆሮዋን እንዳላነሳች ያስታውቃል። ለከታቢዋ አንገቷን ብቻ ዝቅ አደረገችላት።

«እንዴት ነው?» አለች ከታቢዋ።

«ሽሮፑን እየወሰደ ነው። እስካሁን አልሳለም።»

«እማማስ?»

«በመስኮት ነው የምታየው። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች፤ ሰዓት የምትቆጥርልን ራሷ ናት። ሂጂ፣ አስወጊው ያለችኝም እሷ ናት።»

ከታቢዋ መርፌውን ልታዘጋጅ ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

«እትዬ።» ፀጉር ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ግን ሁሉም ይሰማሉ። «ከንቀት አትቁጠሪብኝ። እጅሽን ማየት አልቻልኩም። እሷ ትውጋው።»

ወደ ወጣቷ ነርስ በአገጯ አመለከተች።

ነርሷ ቀና ብላ ከታቢዋን አየች፤ ዓይኗ ውስጥ ልመና አለ። እንዲህ ያለ ቦታ የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ከታቢዋ የለበሰችውን ጓንት ከጣቶቿ ላይ አንድ በአንድ ላጠችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ወንበሯን ለነርሷ ለቅቃ፣ መዝገቡንና እስክሪብቶውን ይዛ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የግራ ጭን» አለቻት ለነርሷ፣ ቀስ ብላ። «በማክሰኞው አትድገሚው፤ ያኛው ቀኝ ነበር።»

ልጁ ሲወጋ ጮኸ። እናቱ ጉንጯን ጭንቅላቱ ላይ ጥላ «አለፈ፣ አለፈ» አለችው። ከታቢዋ በማክሰኞው መስመር ላይ ሰረዝ አድርጋ ከጎኑ የቅዳሜውን ቀን ጻፈች። ቀጥሎ ያለችው ሴት ወደ ነርሷ ሄደች። ከሷ ቀጥሎ ያለችውም። ሌሎችም እየተጨመሩ መጡ፤ ሲጨርሱ ሠላሳ አንድ ልጅ ተከትቧል፤ ከፀጉር ሠሪዋ ወዲያ ግን አንድም እናት ከታቢዋን «አንቺ ውጊልኝ» አላለቻትም።

«ሠላሳ አንድ!» አለ ኃላፊው፣ ሳጥኑን እየዘጋ። «አሥር እንኳ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሂጂ አሁን፣ እረፊ።»

«ስድስት ይቀራል።»

«ሰኞ ይደርሳል።»

«ከስድስቱ ሁለቱ ከዚያች ሆስፒታል ከገባችው ልጅ ጋር አንድ ግቢ ናቸው» አለችና ሳጥኑን ትከሻዋ ላይ አነሳች። ማሰሪያው በለመደው ቦታ ሥጋዋን ቆረጠው።

ነርሷ ተከተለቻት። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ቆሙ። በሁለተኛው ነርሷ ሳጥኑን ከትከሻዋ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ከታቢዋ ከዚህ በፊት ሰጥታ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ሰጠቻት። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ሲደርሱ የዚያ በሩን የዘጋባት አባት ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ከሕፃኑ ጋር ይጫወታል፣ ሕፃኑ ይስቃል። ከታቢዋ አንኳኳች። ከዚያም የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የነርሷን ፊት እንዲሆን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።